የሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥና የጥይቷ እኩልነት

የባሕረ ሰላጤው አገሮች በኦሊምፒክ ተኩስ ስማቸው የሚነሳው በረጅሙ መሣሪያ፣ አየር ላይ የተወረወረ ሸክላ በመስበር ነው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶቹ አህመድ አል-መክቱም እ.ኤ.አ. በ2004 አቴንስ ላይ፣ ኩዌታዊው ፈሃይድ አል-ዲሓኒ በ2016 ሪዮ ላይ ወርቅ ያጠለቁት፣ የኳታሩ ናስር አል-ዓጢያም በ2012 ለንደን ላይ ነሐስ የወሰደው በዚሁ ስፖርት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ኹበር ወይም ደማም ቁጭ ብሎ ውድድሩን በቴሌቪዥን የሚከታተል ሰው ግን ቻናሉን ካልቀየረ ሌላም ዓይነት ተኩስ ያያል። ተኳሹ አንድ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ሌላውን ወደፊት ዘርግቶ፣ 25 ሜትር ርቆ ከተተከለ ኢላማ ጋር ይፋጠጣል። በእጁ ያለችው የሃያ ሁለት ካሊበር ሽጉጥ ናት፤ የዛሬው ትውውቃችንም ከእሷና ከጥይቷ ጋር ነው።

ሽጉጧ ለኢላማ ብቻ ተለክታ የተሠራች ናት። ዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ደንብ ክብደቷ ከ1,400 ግራም፣ በርሜሏ ከ153 ሚሊ ሜትር፣ ከፊትና ከኋላ ባሉት ማነጣጠሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከ220 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። ምላጯን ለመሳብ ቢያንስ የ1 ኪሎ ኃይል ያስፈልጋል። ሽጉጧ ላይ የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠም ክልክል ነው። በዝግታ በሚተኮሰው ዙር አሥር ነጥብ የሚያሰጠው ክብ ስፋቱ 50 ሚሊ ሜትር ነው። በፈጣኑ የወንዶች ውድድር ክቡ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጊዜው ግን ይጠባል። አምስት ኢላማዎች ላይ አምስት ጥይት መጀመሪያ በ8፣ ቀጥሎ በ6፣ በመጨረሻም በ4 ሰከንድ መተኮስ አለበት።

የጥይቷ ታሪክ ከሽጉጧ ይረዝማል። ፈረንሳዊው ፍሎቤር እ.ኤ.አ. በ1845 ገደማ ለቤት ውስጥ ኢላማ የምትሆን ትንሽ ጥይት ሠራ። በ1857 ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይህንኑ ሐሳብ አሻሽሎ ለሪቮልቨር አዋለው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የሚተኮሰው ረዘም ያለው ዓይነት በ1887 አሜሪካ ውስጥ ከስቲቨንስ ፋብሪካ ወጣ። የእርሳሱ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 2.6 ግራም ያህል ነው።

የእኛ አገር ሰው የሚያውቃቸው የውጅግራና የምንሽር ጥይቶች ቂጣቸው መሐል ላይ በተሰካ ካፕሱል ይቀጣጠላሉ። ቀለሃቸው ከተተኮሰ በኋላ ካፕሱሉ ተለውጦ፣ ባሩድ ተጨምሮበት እንደገና ሊሞላ ይችላል። ሃያ ሁለት ካሊበር ካፕሱል የለውም። ማቀጣጠያው ቅመም እርጥብ እያለ ቀለሁ ውስጥ ይጨመርና ቀለሁ በፍጥነት ሲሽከረከር ክፍት ወደሆነው የጠርዙ ውስጠኛ ክፍል ይበተናል። መምቻው መርፌ ጠርዙን ሲጨፈልቀው ቅመሙ ይፈነዳና ባሩዱን ያቀጣጥላል። ጠርዙ አንዴ ከተጨፈለቀ ቀለሁ ዳግም አይሞላም። ስለዚህ ተኳሹ የራሱን ጥይት ማዘጋጀት አይችልም፤ ፋብሪካው በሰጠው ይተማመናል።

ጥይት ከጥይት መለያየት የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው። ቅመሙ በጠርዙ ዙሪያ እኩል ካልተዳረሰና መርፌው ባዶውን ቦታ ካገኘው ጥይቱ ይከሽፋል። በልምምድ ቦታ፣ ጊዜ ተጠብቆና በጥንቃቄ ወጥቶ፣ የከሸፈው ጥይት ዞሮ በሌላ ጎኑ ሲመታ አንዳንዴ የሚተኩሰው ለዚህ ነው። የጠርዙ ውፍረት ከጥይት ጥይት ሲለያይ የመርፌው ምት ይለዝባል ወይም ይጠነክራል። ባሩዱም ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛው እንኳ የማይሞላ ነው፤ አንድ ሚሊ ግራም ቢጎድል ከመቶ አንድ እጅ በላይ ጎደለ ማለት ነው። ቀለሁ እርሳሱን አጥብቆ ወይም ላላ አድርጎ መያዙና እርሳሱ ላይ የተቀባው ሰም መጠኑም የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ይህ ሁሉ ኢላማው ላይ ሲደርስ ምን ያህል ይሆናል? እርሳሱ ከአፈሙዙ በሰከንድ 280 ሜትር ወጣ እንበል። 25 ሜትር እስኪደርስ ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። የሚቀጥለው ጥይት በሰከንድ 10 ሜትር ቢዘገይ የሚያርፈው ከመጀመሪያው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው። 50 ሜትር ላይ ልዩነቱ ወደ 12 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ከሪዮ 2016 በኋላ ከኦሊምፒክ በወጣው የ50 ሜትር ሽጉጥ ውድድር ተኳሾች ለጥይት ምርጫ ይጨነቁ የነበረው በከንቱ አልነበረም። በዚያ ውድድር ደቡብ ኮሪያዊው ጂን ጆንግ-ኦ በ2008፣ በ2012 እና በ2016 ተከታትሎ ወርቅ ወስዷል።

የሰውዬው ስህተት ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ማነጣጠሪያዎቹ 220 ሚሊ ሜትር ተራርቀው ሳለ የፊተኛው በግማሽ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢዛነፍ ጥይቱ 25 ሜትር ላይ 57 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። በዝግታው ዙር ይህ ከአሥሩ ክብ አውጥቶ ይጥላል። በውድ ጥይት ውጤት አሻሽላለሁ የሚል ጀማሪ፣ ምላጭ አሳሳቡ ካልተስተካከለ፣ ገንዘቡን ኢላማው ላይ አያየውም።

ታዲያ የጥይት እኩልነት ምን ይጠቅማል? አንደኛው ጥቅም ሽጉጧን ማሠራት ነው። የውድድር ሽጉጥ ከካዝናዋ ጥይት እየጎረሰች ራሷ የምታቀባብል ናት። የምታቀባብለውም ጥይቱ ወደ ኋላ በሚገፋው ኃይል ነው። ደካማ ጥይት ቀለሁን ሳያስወጣ ይቀራል፤ ኃይለኛው ደግሞ አፈሙዙን ከመጠን በላይ ያነሳዋል። በ4 ሰከንድ አምስት ኢላማ የሚመታ ተኳሽ የእጁን ምት የሚያስተካክለው ሽጉጧ በምትረግጥበት ልክ ነው፤ እርግጫው ከተለዋወጠ ምቱ ይሰበራል። ደንቡ ለከሸፈ ጥይት መፍትሔ ቢኖረውም የተበታተነ ሐሳብን አይሰበስብም።

ሁለተኛው ጥቅም ራስን ማወቅ ነው። ሃንጋሪያዊው ካሮሊ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 ቀኝ እጁን ቦምብ ከጎዳው በኋላ በግራው ተኩስን እንደ አዲስ ተማረ። በ1948 ለንደን ላይ፣ በ1952 ደግሞ ሄልሲንኪ ላይ በፈጣኑ ሽጉጥ ወርቅ አገኘ። እንዲህ ከዜሮ የሚማር እጅ ስህተቱን ከኢላማው ላይ ማንበብ አለበት። ጥይቱ በራሱ ወዲያና ወዲህ የሚበትን ከሆነ ግራ የሄደው ምት የእጁ ይሁን የጥይቱ አይታወቅም።

ለኹበርና ለደማም አየር አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በበጋ ሙቀቱ 45 ዲግሪ ሲያልፍ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከዚያም በላይ ይግላል። ባሩድ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ በእርሳሱ ላይ ያለው ሰምም ይለሰልስና የባሕሩን ዳር አቧራ ይይዛል። ከመኪና የወጣ ጥይትና ከቀዝቃዛ ክፍል የወጣ ጥይት፣ ከአንድ ሳጥን ቢሆኑም እንኳ፣ እኩል አይተኩሱም። ጥይት የሚቀመጠው ከተኩሱ ቦታ ጋር በሚቀራረብ ሙቀት ነው።

ጥሩ ጥይት የሚመረጠውም በስም ብቻ አይደለም። የእንግሊዙ ኢሊና ሃያ ሁለቱን ጀርመን ውስጥ የሚያመርተው ላፑዋ ታዋቂዎች ናቸው። ግን የአንዱ ፋብሪካ ምርት እንኳ ከምድብ ምድብ ይለያያል፤ በርሜልም ከበርሜል ይለያያል። ስለዚህ ሽጉጧ በእጅ ሳይሆን በማሠሪያ ላይ ተጠፍራ ከየምድቡ ይተኮስባታል። አምስት ምት በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል፤ አሥር አሥሩን ደጋግሞ ማየት ይሻላል። ከዚያ ስንት ጊዜ እንደከሸፈና ቀለሁን ሳያስወጣ እንደቀረ ይቆጠራል። ምቶቹን ከአሥሩ ክብ በጣም ጠባብ በሆነ ስፋት የሚሰበስብና አንዴም ያልከሸፈ ምድብ ከተገኘ፣ የሳጥኑን የምድብ ቁጥር ጽፎ ለውድድር ዘመኑ የሚበቃውን ከዚያው መግዛት ነው። ከዚያ በኋላ የጠፋ ነጥብ ካለ ተኳሹ የሚመረምረው ጣቱን ነው።