አዲስ የተበሳ ጆሮ እስኪድን ድረስ



ጉትቻ ለሙስሊም ሴት እንግዳ ጌጥ አይደለም። በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን ሴቶች በዒድ ቀን ጉትቻቸውን አውልቀው በቢላል (ረ.ዐ) ልብስ ላይ ለሰደቃ መጣላቸው በሐዲስ ተዘግቧል። ዛሬም በቂርቆስም ሆነ በካዛንቺስ ብዙ እናቶች የሴት ልጃቸውን ጆሮ ገና በጨቅላነቷ ያስበሳሉ። መበሳቱ የደቂቃ ሥራ ነው፤ ቁስሉ እስኪድን ያለው ጊዜ ግን ሳምንታት ይወስዳል። በፋርማሲ መስኮት «ጆሮዋ መገለ፣ ምን ልቀባላት?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው።

ከመበሳቷ በፊት

በአንድ መርፌ ብዙ ልጆችን መብሳት አደገኛ ነው። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ሊቆይ ይችላል። መርፌን በክብሪት መለብለብም አያስተማምንም። ስለዚህ አዲስ፣ ከእሽጉ ፊት ለፊታችሁ የወጣ መርፌ ይሁን። ጨቅላ ከሆነች ደግሞ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት የሚሰጡት ክትባቶች ከቴታነስና ከሄፓታይተስ ቢ ስለሚከላከሉ፣ እነሱን እስክትጨርስ ታገሱ።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

1. ጆሮዋን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።
2. ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙ። በንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ በቀን 2 ጊዜ ከፊትም ከኋላም አጽዱ፤ ከዚያም አድርቁ።
3. የደረቀውን ቅርፊት በጥፍር አትላጡ፤ ጉትቻውንም ያለ ምክንያት አትነካኩ።
4. የመጀመሪያውን ጉትቻ ቢያንስ ለ6 ሳምንት አታውልቁ። ኒኬል ያለበት አርቴፊሻል ጌጥ ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል ወርቅ ይመረጣል።
5. ሒጃብ የምትለብስ ልጅ ሻሿን በየቀኑ ትቀይር፤ አጥብቃ አትሰር፤ መርፌ ቁልፉንም ከጆሮዋ ታርቀው።

ውዱእን በተመለከተ ንጹሕ ውሃ ቁስሉን አይጎዳውም። ውዱእ የሚጀመረው እጅን በመታጠብ ስለሆነ፣ ጆሮ የሚታበሰው በታጠበ ጣት ነው፤ ሳይታሽ በቀስታ ይታበስ።

ቅቤ፣ አልኮልና ካፕሱል

ቅቤ ቆሻሻ ይይዛል፤ ጀርምም ሊያስገባ ይችላል። አልኮል በየቀኑ ሲደረግ አዲሱን ሥጋ ያደርቃል፤ መዳኑንም ያዘገያል። የአምፒሲሊን ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን መነስነስ ደግሞ በሰፈራችን የተለመደ ስህተት ነው፤ ካፕሱሉ የተሠራው ለመዋጥ እንጂ ለቁስል አይደለም።

የላይኛው ጆሮ

ወጣት ልጃገረዶች የጆሮን ጠንካራ የላይኛው ክፍል መበሳት ይወዳሉ። ይህ ክፍል ልም አጥንት ነው፤ የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ከ3 ወር እስከ 1 ዓመት ሊቆይ ይችላል። አንዲት እናት እዚያ ላይ ቀልቶ ያበጠባትን ልጃቸውን ይዘው መጥተው አምፒሲሊን እንድሸጥላቸው ጠየቁኝ። ሳልሸጥላቸው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ላክኋቸው። እዚያ ቦታ የሚገባውን ጀርም አምፒሲሊን ብዙ ጊዜ አይገድለውም፤ ከዘገየም ልም አጥንቱ ሟሙቶ የጆሮ ቅርጽ ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችላል።

ወደ ጤና ጣቢያ መቼ?

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቅላትና ንጹሕ ፈሳሽ ያለ ነው። ነገር ግን እብጠቱ ከጨመረ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ከወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጉትቻው ሥጋ ውስጥ ከሰመጠ አትዘግዩ። ቀዳዳው ተዘግቶ መግሉ ውስጥ እንዳይቀር ጉትቻውን ራሳችሁ አታውልቁ፤ ለባለሙያ ተዉት።

አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን። ወሰላሙ ዓለይኩም።