እንግዳን ከፍርሃቱ የሚያሻግር ሙያ፤ የአስጐብኚነት ንግድ በመንዝ ጓሳ

ንግድ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በሚዛን የሚመዘነውን፣ በክንድ የሚለካውንና በቁና የሚሰፈረውን ዕቃ ነው። ዳሩ ግን ዓይን የማያየው፣ እጅም የማይዳስሰው፣ ሆኖም ገዢው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው ሌላ ሸቀጥ አለ፤ ይኸውም እምነት ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ደጋ፣ ጓሳ በሚባለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ፣ እንግዳ እየመሩ ሜዳውንና ገደሉን የሚያሳዩ የአገሩ ተወላጆች የሚሸጡት ዋናው ነገር ይህ ነው። ተራራውን እንግዳው ከመኪናው ሳይወርድ ሊያየው ይችላል፤ ወደ ውስጥ ለመግባት የሚያስችለውን ድፍረት ግን ከመንገድ መሪው ይገዛል።

ወደ ጓሳ የሚወጣ ሰው ሁሉ ተራራ የለመደ አይደለም። ዘመኑን በጽሕፈት ቤት ወንበር ላይ ያሳለፈ የከተማ ሰው አለ፤ ልጆቿን ይዛ ለዕረፍት የምትመጣ እናት አለች፤ ከባሕር ጠረፍ አገር መጥቶ የደጋ አየር የሚያስጨንቀው የውጭ አገር ሰው አለ። እነዚህ ሁሉ በልባቸው የሚይዙት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። ትንፋሼ ያጥረኝ ይሆን? ገደሉ ያዞረኝ ይሆን? ዝንጀሮው ይነክሰኝ ይሆን? የሌሊቱን ብርድ እችለው ይሆን? ጥያቄውን ግን ብዙዎቹ አፍ አውጥተው አይናገሩም፤ ፈሪ መባል ያሳፍራልና። እንግዲህ የመንገድ መሪው የመጀመሪያ ሙያ ያልተነገረውን ጥያቄ አውቆ፣ እንግዳውን ሳያሳፍር መመለስ ነው።

አገሩና አጠባበቁ

ጓሳ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ከ260 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። መንገደኛው 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ደብረ ብርሃን ይደርስና፣ ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፎ በሞላሌ በኩል ወደ መሐል ሜዳ ይዘልቃል። ስፍራው 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው፣ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ይደርሳል። በምሥራቅ በኩል ምድሩ በድንገት ተቈርጦ ወደ ስምጥ ሸለቆው ይወርዳል። ከዚያ ደጋ የሚመነጨው ውሃ ከፊሉ ወደ አዋሽ፣ ከፊሉ ወደ ዓባይ ይፈስሳል።

ስሙን ያገኘው ጓሳ ከሚባለው ሣር ነው። የመንዝ ሰው በዚህ ሣር ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምድበታል፣ ለዝናብ የሚደርበውንም ገሳ ይሠራበታል። ሣሩ እንዳያልቅ አባቶች ቀሮ የሚባል የጋራ ሥርዓት አቁመው ለአያሌ ምዕት ዓመታት ጠብቀውታል። በዚህ ሥርዓት ስፍራው ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በመሪዎች ፈቃድ ይከፈታል፤ ሕጉን የጣሰም ይቀጣ ነበር። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በወጣ ጊዜ ቀሮ ቢፈርስም፣ ሕዝቡ በየቀበሌው ተማክሮ ጥበቃውን በሌላ መልክ ቀጠለ። ይህን የጋራ አጠባበቅ ዘለዓለም ተፈራ በ2001 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ለዓለም አስታውቀውታል። ከዚያም በፍራንክፈርት የእንስሳት ጥናት ማኅበር ርዳታ ለጐብኚዎች ማረፊያ ቤት ተሠራ፤ የአገሩ ልጆችም የመንገድ መሪነትን ሥራ ያዙ።

የመጀመሪያው ቀን

ሙያውን የሚያውቅ መንገድ መሪ እንግዳውን እንደ ደረሰ ወደ ገደል አይወስደውም። አስቀድሞ ይጠይቀዋል፦ ከዚህ በፊት ደጋ አገር አድረው ያውቃሉ? የልብ ወይም የመተንፈሻ ሕመም አለብዎ? ጫማዎ በእርጥብ ሣር ላይ አያንሸራትትም? ጥያቄው ጨዋታ ይመስላል፤ ነገር ግን የጉዞው ሒሳብ በሙሉ በእርሱ ላይ ተመሥርቷል። በ3,500 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ጤነኛ ሰው እንኳ ራሱን ሊያመውና ቶሎ ሊደክመው ይችላል። ስለዚህ 2,840 ሜትር ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን አንድ ሌሊት ማደር፣ ውሃ አዘውትሮ መጠጣት፣ በመጀመሪያው ምሽት አረቄ አለመቅመስና በቀስታ መራመድ ይመከራል። የራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ ደግሞ መድኀኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። ይህን አስቀድሞ የሰማ እንግዳ ትንፋሹ ሲያጥር አይደነግጥም፤ ያልሰማው ግን ሞቱ የቀረበ ይመስለዋል።

ሁለተኛው ትምህርት የሚገኘው ከጭላዳ መንጋ ዘንድ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በሌላ አገር በዱር አይገኝም። ወንዱ ትከሻውን የሚያለብስ ጋማ፣ በደረቱም ላይ ቀይ ምልክት አለው፤ ሲቈጣ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ረጃጅም ክራንቻውን ያሳያል። ይህን ያየ አዲስ ሰው ለመሮጥ ቢነሣ አይፈረድበትም። መንገድ መሪው ግን እንግዳውን ከሩቅ አስቀምጦ፣ አውሬው ቀኑን ሙሉ የሚያደርገውን እንዲያይ ያደርገዋል። የሚያደርገውም ሣር መንቀል ነው! ያ ሁሉ ክራንቻ የሣር በሊታ ክራንቻ ነው። ከዚያ በኋላ ደንቡ ቀላል ነው፤ ምግብ አለመስጠት፣ በእናትና በልጅ መካከል አለመግባት፣ በድንገት አለመነሣት። በጓሳ ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተመራማሪዎች አንድ መንጋ በትዕግሥት ሲከታተሉ ሰው አስለምደውታልና፣ መንጋው ሰው አየሁ ብሎ አይሸሽም።

ከቀይ ቀበሮ የተገኘ ምሳሌ

በዓለም ላይ ቍጥሩ ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ በጓሳም ይኖራል። ስለ እርሱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለነጋዴ ሁሉ የሚጠቅም ምሳሌ ይዟል። ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥና ፍልፈል ሲያድን ከ100 ሙከራ የሚሳካለት 25 ያህል ነው፤ በጭላዳዎች መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ያህል ይሳካለታል። ወደ መንጋው ሲገባ ግን አይሮጥም፣ አይዘልም፤ በዝግታ ይራመዳል፤ የጭላዳን ግልገልም አይነካም። መንጋውም ይህን ስላወቀ አይሸሸውም። አንድ ቀበሮ ግን ግልገል ሊነጥቅ ቢሞክር፣ ጭላዳዎቹ ተረባርበው አስጣሉት፤ አባረሩት፤ ከዚያም በኋላ ተመልሶ እንዳይጠጋ ከለከሉት።

ነገሩ የዱር አራዊት ይሁን እንጂ ሕጉ የገበያ ሕግ ነው። እምነት ለሰጡት ሰው ትርፉ በእጥፍ ይበልጣል፤ በአንዲት ሰዓት ስግብግብነት ግን የዓመታት መተማመን ይፈርሳል።

በባሕር ዳርም ያው ነው

ይህ ሙያ የደጋ ብቻ አይደለም። ጭነቱን ሊያስለቅቅ ወደ ጅቡቲ የወረደ የደጋ ነጋዴ፣ ሥራው ተጠናቆ አንድ ቀን ቢተርፈው፣ ከወደቡ ፊት ለፊት ወዳለችው ወደ ሙሻ ደሴት በጀልባ ሊሻገር ይችላል። በዚያም ፊትን የሚሸፍን የመስተዋት መነጽርና ስኖርክል የሚባል የመተንፈሻ ቱቦ ተሰጥቶት፣ ፊቱን ውሃ ውስጥ ነክሮ ዓሣና የባሕር ድንጋይ አበባ እንዲያይ ይጋበዛል። ወንዝ ሲሞላ ቆሞ መጠበቅን እንጂ ዋናን ያልተማረ ሰው በዚህ ጊዜ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

ብልህ የሆነ የባሕር መሪ እንዲህ ያለውን ሰው ከጀልባ ወደ ጥልቁ አይጥለውም። ወገብ በሚደርስ ውሃ ላይ አቁሞ፣ መነጽሩ ውሃ እንደማያስገባ ያረጋግጥለታል፤ ቆሞ ሳለ በቱቦው እንዲተነፍስ ያለማምደዋል፤ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ያለብሰዋል፤ በእጅ ምልክት ‹‹ደኅና ነኝ›› እና ‹‹እንመለስ›› ማለትን ያስተምረዋል። ከሁሉም የሚበልጠው ይህ የመጨረሻው ነው። በፈለግሁ ጊዜ መመለስ እችላለሁ ብሎ ያመነ ሰው ወደ ፊት ይሄዳል። ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚታየው ታላቁ ዓሣ፣ ዌል ሻርክ የሚባለው፣ በዓለም ካሉት ዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን ምግቡ ግን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ደቃቃ ፍጥረታት ናቸው። ጭላዳ በክራንቻው እንደሚያስደነግጥ ሁሉ፣ እርሱም በግዝፈቱ ያስደነግጣል፤ ሁለቱንም በቅርብ የሚያስታርቅ የመሪው ቃል ነው።

እንግዲህ የመንዝ ሰው በጅቡቲ ጠረፍ የሚሰማውን ፍርሃት ቢያስታውስ፣ የጠረፍ ሰው በጓሳ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም የሚሰማውን አይንቅም። ሁሉም ሰው ባልተወለደበት አገር ጀማሪ ነው።

ገቢውና የነጋዴው ድርሻ

የአንድ እንግዳ ገንዘብ በብዙ እጅ ይከፋፈላል። ከፊሉ ለስፍራው መግቢያ፣ ከፊሉ ለመንገድ መሪው፣ ከፊሉ ለጭነት በቅሎ ባለቤት፣ ከፊሉ ለማረፊያ ቤቱ ይደርሳል። እንግዳው ማታ ብርድ ሲሰማው ባና ወይም በርኖስ ይገዛል፤ የመንዝ በግ ጠጕር ዋጋ የሚያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ለጉዞው በሶና ቆሎ፣ ለምሳው ዕንቍላልና በግ ይፈልጋል። ሕዝቡም ከሣሩ በተጨማሪ ከእንግዳው ጥቅም ሲያገኝ፣ ስፍራውን አርሶ ገብስ ከመዝራት ይልቅ ጠብቆ ማቈየትን ይመርጣል።

ነገር ግን ይህ ንግድ አንድ ከባድ ጠባይ አለው። ያልተሸጠ ገብስ ጐተራ ገብቶ የነገን ገበያ ይጠብቃል፤ ሥራ ያልተገኘበት የመንገድ መሪ ቀን ግን ፀሐይ ስትጠልቅ አብሮ ይጠልቃል። ስለዚህ ገበያው በተከፈተ ቀን በሚገባ ለመጠቀም የሚከተሉትን ማሰብ ይገባል።

1ኛ. የመሪው፣ የበቅሎውና የማደሪያው ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ይነገር። ፍርሃት ካለበት እንግዳ ጋር በገደል አፋፍ ላይ ዋጋ መከራከር ንግድ ሳይሆን ማስጨነቅ ነው።

2ኛ. በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ያሉ ባለሱቆች የዝናብ ልብስ፣ ወፍራም ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ በኪራይ ቢያቀርቡ፣ ለሁለት ቀን ብሎ መግዛት የማይፈልገው እንግዳ ደንበኛቸው ይሆናል።

3ኛ. ባናው ከትልቁ ሌላ በሻንጣ በሚገባ መጠን ተሠርቶ፣ ቍርጥ ዋጋ ተጽፎበት ቢቀርብ፣ እስከ ውጭ አገር ድረስ ስሙን ይዞ ይሄዳል።

4ኛ. አጓጓዡም ሆነ አስጐብኚው የማይታየውን አውሬ ‹‹በርግጥ ያያሉ›› ብሎ ቃል አይግባ። ቀይ ቀበሮ በቀጠሮ አይመጣም። ‹‹ልናየው እንችላለን›› ተብሎ የመጣ እንግዳ ባያየው እንኳ በመልካም ስሜት ይመለሳል።

5ኛ. መንገድ በመዘጋቱ ጉዞው ቢቀር፣ የተቀበሉትን ቀብድ ሳያንገራግሩ መመለስ ያስፈልጋል። የተመለሰ ቀብድ ለሚቀጥለው ዓመት የተዘራ ዘር ነው።

በእውነት ላይ የቆመ እምነት

ያለፉት ዓመታት ለዚህ ሙያ የመከራ ዓመታት ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ መንገደኛውን በየቤቱ አስቀረው። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እስከ መንዝ ደረሰ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገዱን አስጊ አደረገው። ገደሉና ጭላዳው በስፍራቸው ሲኖሩ፣ እንግዳውን የሚያስፈራው ከተማው በር ላይ የሚጀምረው መንገድ ሆነ። ይህ ፍርሃት እንደ ክራንቻው ፍርሃት በማስረዳት የሚወገድ አይደለም፤ እውነተኛ ምክንያት አለውና።

በዚህ ጊዜ የጥሩ መንገድ መሪ ፈተናው ይመጣል። ከሥራ ውሎ ያደረ ሰው፣ ልጆቹ የሚጠብቁት ሰው፣ ‹‹መንገዱ ሰላም ነው፣ ይምጡ›› ለማለት ይፈተናል። ዛሬ ‹‹አይምጡ፤ ሲሻል እነግርዎታለሁ›› ብሎ ገቢውን የሚያጣ መሪ ግን፣ ነገ ‹‹አሁን ይምጡ›› ሲል የሚታመነው እርሱ ነው። ጉዞ ያሰበ ሰውም ከመነሣቱ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከአገሩ ሰዎችና ከሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች አጣርቶ መነሣት ይገባዋል።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል። ጓሳን አንድ ጊዜ በመልካም መሪ ያየ ሰው ግን ይናፍቀዋል፤ ለወዳጁም ይነግራል። ከአባቶች የቀሮ ሥርዓት የሚወረሰውም ትምህርት ይኸው ነው። ሣሩ እስኪደርስ ስፍራውን ዘግቶ መጠበቅን የቻለ ሕዝብ፣ እንግዳው በሰላም እስኪመለስ ስሙን ጠብቆ ማቈየት አያቅተውም። በሩ ሲከፈት ለመሸጥ የሚዘጋጅ ሁሉ ከባናውና ከበቅሎው አስቀድሞ ይህን ስም ያዘጋጅ።