የቮልስዋገን ቫልቮላ ሲገዛ ብረቱ ይመርመር

ሕዝቡ «ቮልስ» የሚለው የቀድሞው ቮልስዋገን መሠራቱ በሜክሲኮ የቆመው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው። መኪናው ግን ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ይታያል፤ ስለዚህ መለዋወጫውን የሚያስመጣም ሆነ የሚሸጥ ነጋዴ የሚገዛውን ብረት ጠባይ ሊያውቅ ይገባዋል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበው የጢስ ማውጫው ቫልቮላ ነው። የማስገቢያው፣ በሚገባው አየርና ቤንዚን ስለሚበርድ፣ ክሮምና ሲሊኮን ያለበት ብረት ይበቃዋል። የማውጫው ግን ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚያልፍ ትኩሳት ይሸከማል። በቀደሙት ሞተሮችም የዘይት ማቀዝቀዣው የነፋሱን መንገድ ስለሚከልል ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ አብልጦ ይግላል። የቫልቮላው ራስ ከዘንጉ ከተቆረጠ ፒስተኑንና ቴስታታውን ይሰብራል፤ ጥቂት ብር ለማትረፍ የተገዛው ዕቃ ሙሉ ሞተር ያስከፍላል።

ለማውጫው የሚስማማው 21 በመቶ ያህል ክሮም፣ 4 በመቶ ያህል ኒኬል፣ እንዲሁም ማንጋኒዝና ናይትሮጅን ያለበት ብረት ነው። ይህም ትኩሳትን ቢችልም ፍትጊያን እምብዛም አይችልም፤ ስለሆነም ዘንጉ በክሮም የተለበጠ፣ ወይም ከሌላ ጠንካራ ብረት ተሠርቶ ከራሱ ጋር የተበየደ መሆን አለበት።

ባለሱቁ በማግኔት ሊፈትነው ይችላል። ማግኔቱ ራሱን ከሳበ፣ ዕቃው የተባለው ብረት አይደለምና አይቀበለው። ዘንጉን ብቻ ቢስብ ግን ከሁለት ብረት የተበየደ ስለሆነ ነውር የለበትም። ይሁን እንጂ ማግኔት የማይሆነውን ይለያል እንጂ ለደኅናው ምስክር አይሆንም፤ አስመጪው ገንዘቡን ከመላኩ በፊት የብረቱን የምርመራ ወረቀት ከፋብሪካው ይጠይቅ።