ዟሪው ሞተርና የኮምፒዩተሩ ሚዛን

በዘመናችን ካሉት መሣሪያዎች ሁሉ እንደ አውቶሞቢል የወጣቱን ልብ የሚማርክ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ መኪናን ከሚወዱት መካከል በክዳኑ ሥር ያለው ሞተር በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚሠራ ጠንቅቀው የሚያውቁት ብዙዎች አይደሉም። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው ሮታሪ፣ ማለትም ዟሪ ሞተር የተባለውን፣ በጠባዩ ከሌሎች ሞተሮች የተለየውን መሣሪያ ነው። በተለይም የዚህን ሞተር ቤንዚንና እሳት የሚያዘው የፋብሪካው ኮምፒዩተር ተነሥቶ በሌላ ሲተካ ምን ጥቅምና ምን ጉዳት እንደሚከተል እናስረዳለን። ነገሩ የመካኒክ ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በሠንጠረዥ ላይ ቍጥር ጽፎ የሌላውን ሰው ንብረት የሚያዝ ሁሉ ከዚህ የሚቀስመው ትምህርት አለ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሞተሩ አመጣጥ

የዟሪውን ሞተር ሐሳብ ያፈለቁት በ1902 በጀርመን አገር የተወለዱት ፌሊክስ ቫንክል ናቸው። እርሳቸውም ኤን ኤስ ዩ ከተባለው የጀርመን ፋብሪካ ጋር ተባብረው ብዙ ከደከሙ በኋላ የመጀመሪያው ሞተር በ1957 ለሙከራ ተነሥቶ ሠራ። ወሬው እንደ ተሰማ ብዙ ፋብሪካዎች ፈቃዱን ለመግዛት ፈለጉ፤ በጃፓን አገር በሂሮሺማ የሚገኘውና ዛሬ ማዝዳ በሚል ስም የሚታወቀው ቶዮ ኮግዮም በ1961 ውል ተዋዋለ።

ነገር ግን ውሉን መፈራረሙ ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ሆኖ ተገኘ። የሞተሩ የውስጥ ግድግዳ ጥቂት ከሠራ በኋላ በጥፍር የተቧጠጠ ያህል ይጫጫር ጀመር፤ ጃፓኖቹም ይህን ጭረት «የሰይጣን ጥፍር» ብለው ጠሩት። በ1963 በኬንኢቺ ያማሞቶ መሪነት 47 መሐንዲሶች ለዚሁ ጥናት ተመደቡ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ማሸጊያውን ከካርቦንና ከአሉሚኒየም በመሥራት መፍትሔ አገኙለት። በ1967 ኮስሞ ስፖርት የተባለችው ባለ ሁለት ሮተር መኪና ለገበያ ቀረበች። በ1978 ደግሞ አር ኤክስ 7 ተከተለች፤ ምርቷ በ2002 እስኪያበቃ ድረስ ከ800,000 የሚበልጡ ተሠርተዋል። በ1991 በፈረንሳይ አገር በለ ማን ከተማ በሚደረገው የ24 ሰዓት ውድድር ማዝዳ 787ቢ የተባለችው ባለ አራት ሮተር መኪና አንደኛ ስለ ወጣች፣ የዟሪው ሞተር ዝና በዓለም ሁሉ ተሰማ። ያን ውድድር ያሸነፈ የጃፓን ፋብሪካ ከዚያ በፊት አልነበረም።

የአሠራሩ ጠባይ

በተለመደው ሞተር ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ይወጣል፣ ይወርዳል። በዟሪው ሞተር ግን ፒስቶንም ሆነ ቫልቭ የለም። በምትኩ ጎኖቹ ጐበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት፣ ወገቡ በጥቂቱ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። ይህ ብረት ሮተር ይባላል። ሮተሩ ሲዞር በሦስቱ ጎኖቹና በግድግዳው መካከል ያለው ባዶ ቦታ በየተራ ይሰፋል፣ ይጠባል። በዚህም አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ያምቃል፤ ያቃጥላል፤ ጭሱንም ያስወጣል። ሮተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር የሞተሩ ዘንግ ሦስት ጊዜ ስለሚዞር፣ ለእያንዳንዱ የዘንግ ዙር አንዱ ሮተር አንድ ጊዜ ያቃጥላል ማለት ነው።

13ቢ የተባለው የታወቀው ሞተር ሁለት ሮተር ያለው ሲሆን መጠኑ 1308 ኩብ ሳንቲሜትር ብቻ ነው። ዘንጉ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር ግን በአንድ ሰከንድ ውስጥ ከ230 ጊዜ በላይ እሳት ይነሣበታል። ስለዚህ ከክብደቱና ከመጠኑ ጋር ሲነጻጸር ጉልበቱ የሚያስደንቅ ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት የተመሠረተው ግን በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ በገቡት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ነው። ቱርቦ ባላቸው የ13ቢ ሞተሮች የአንዱ ማሸጊያ ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ነው። እሳት ያለበትን ክፍል ከጎረቤቱ ለይተው የሚያግዱት እነርሱ ናቸው፤ ከነዚህም አንዱ ከተሰበረ የሞተሩ ነገር አበቃ።

ኮምፒዩተሩ ምን ያደርጋል?

በ1991 የወጣችው ሦስተኛዋ የአር ኤክስ 7 ትውልድ ሁለት ቱርቦ ነበራት። ጉልበቷም በመጀመሪያ 255 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፣ በ1999 በጃፓን አገር ለሚሸጡት ወደ 280 ከፍ ብሏል። በዚህች መኪና ውስጥ ያለው ኮምፒዩተር የሚገባውን አየር ግፊትና ሙቀት፣ የማቀዝቀዣውን ውሃ ሙቀት፣ የሞተሩን ፍጥነትና የነጂውን እግር በየቅጽበቱ ይመለከታል። ከዚያም ሁለት ነገር ይወስናል፤ አንደኛ ምን ያህል ቤንዚን ይረጭ? ሁለተኛ እሳቱ መቼ ይነሣ?

ቤንዚኑን የሚረጩት ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ሁለት ኢንጄክተሮች ናቸው። አንደኛው በደቂቃ 550፣ ሁለተኛው 850 ኩብ ሳንቲሜትር ያህል ይረጫል። ዘንጉ በደቂቃ 7,000 ጊዜ ሲዞር አንዱ ዙር የሚፈጀው ጊዜ፣ ሰከንድ ለሺህ ተከፍሎ ከስምንቱ እጅ ተኩል ጥቂት ቢበልጥ ነው። ኢንጄክተሩ መክፈትና መዝጋት ያለበት በዚህች ቅጽበት ውስጥ ስለ ሆነ፣ የኮምፒዩተሩ ስሌት ጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ሞተሩ ወዲያው ይሰማዋል።

እሳቱን የሚያስነሡት ደግሞ ለእያንዳንዱ ሮተር ሁለት ካንዴላዎች ናቸው። የሚቃጠልበት ክፍል ረጅምና ቀጭን ስለ ሆነ አንድ ካንዴላ አይበቃውም። መሪው ካንዴላ ቀድሞ ሲያበራ ተከታዩ ጥቂት ዘግይቶ ያበራል፤ ሞተሩ በርትቶ በሚሠራበት ጊዜ ልዩነታቸው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 የዘንግ ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ተከታዩ ከመሪው እንዲቀድም የሚያደርግ ስሕተት ሞተርን የሚያጠፋ ስሕተት ነው።

ባለመኪናው ኮምፒዩተሩን ለምን ይለውጣል?

የፋብሪካው ኮምፒዩተር የሚያውቀው ከፋብሪካው የወጣውን ሞተር ብቻ ነው። ባለቤቱ ተጨማሪ ጉልበት ፈልጎ ማርሚታውን በሰፊ ይለውጣል እንበል። ጭሱ እንደ ልብ መውጫ ሲያገኝ ቱርቦው ከተወሰነለት በላይ አየር መግፋት ይጀምራል፤ አየሩ ሲበዛ ቤንዚኑም አብሮ መብዛት አለበት። የፋብሪካው ኮምፒዩተር ግን ሠንጠረዡ እስከዚያ አይደርስም፤ ግፊቱ ከወሰኑ ያለፈ እንደ ሆነ ለጥንቃቄ ሲል ቤንዚኑን ይቈርጣል እንጂ የሚያደርገው ሌላ ነገር የለም።

ስለዚህ ቍጥሩን ራሱ ባለሙያው ሊጽፍበት የሚችል ኮምፒዩተር ተፈለገ። በ1986 በአውስትራሊያ የተቋቋመው ሃልቴክና የጃፓኑ አፔክሲ በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። ፓወር ኤፍ ሲ የተባለው የአፔክሲ ኮምፒዩተር በፋብሪካው ሽቦ ላይ እንዳለ የሚሰካ ሲሆን፣ የቤንዚኑ ሠንጠረዥ 20 በ20 ነው፤ ይኸውም 400 ቤቶች አሉት። በአንድ በኩል የሞተሩ ፍጥነት፣ በሌላው በኩል የአየሩ ግፊት ይነበባል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቤት ውስጥ ያለው ቍጥር ለሞተሩ ትእዛዝ ይሆነዋል።

ያገራችን አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ሊረዳው ይችላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሯ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በባሕር ዳርቻ ልኩ የተስተካከለ ባለ ካርቡራተር መኪና እዚህ ሲመጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ይታፈናል። ግፊቱን የሚለካ ኮምፒዩተር ግን የአየሩን መሳሳት ዐውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል። መለካት ከግምት የሚበልጠው በዚህ ነው።

ጥፋቱ ከየት ይመጣል?

ቤንዚን በልክ ሲቃጠል ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ ያህል አየር ያስፈልጋል። በቱርቦ የሚገፋ ዟሪ ሞተር ግን በርትቶ በሚሠራበት ጊዜ ከዚህ የበለጠ ቤንዚን ይሰጠዋል፤ ብዙ ባለሙያዎች አየሩን ለ1 ኪሎ ቤንዚን ወደ 11 ኪሎ ገደማ ያደርጉታል። ተርፎ የገባው ቤንዚን የሚቃጠለውን ክፍል ያቀዘቅዘዋልና።

ቤንዚኑ ካነሰ፣ ወይም እሳቱ ያለ ጊዜው ከቀደመ፣ ድብልቁ ቀስ ብሎ በመቃጠል ፈንታ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። በፒስቶን ሞተር ይህ ማንኳኳት አንዳንድ ጊዜ በጆሮ ተሰምቶ ሳይጎዳ ሊቆም ይችላል። በዟሪው ሞተር ግን ፍንዳታው የሚያርፈው በዚያች 2 ሚሊ ሜትር ማሸጊያ ላይ ነው። ማሸጊያዋ ስትሰበር ስባሪዋ የግድግዳውን ልባጥ ይቧጥጣል፤ ከጭሱ ጋር ወጥቶም የቱርቦውን ጎማ ይመታል። ለዓመታት የተጠራቀመ ገንዘብ በአንድ ሰከንድ ይጠፋል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ያባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ሌላም ስውር አደጋ አለ። ዟሪ ሞተር ማሸጊያዎቹን ለማለስለስ ጥቂት ዘይት ወደሚቃጠለው ክፍል ያስገባል። በሦስተኛዋ አር ኤክስ 7 ይህን የዘይት ፓምፕ የሚያዘው የፋብሪካው ኮምፒዩተር ነው። ከአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች አንዳንዶቹ ይህን ፓምፕ ማዘዝ አይችሉም። ስለዚህ ባለቤቱ በቤንዚን መሙያው ውስጥ ዘይት እየለካ መቀላቀል ይኖርበታል፤ ይህን ያልተነገረው ሰው ሞተሩን በደረቁ ያስኬዳል።

ጥንቁቅ ባለሙያ እንዴት ይሠራል?

ጥንቁቅ ባለሙያ ወደ ሠንጠረዡ ከመሄዱ አስቀድሞ የሞተሩን ጤንነት ይመረምራል። የሮተሩን ሦስት ጎኖች እመቃ ለየብቻ ይለካል፤ ተራው መለኪያ ከሦስቱ የበረታውን ብቻ ይዞ ደካማውን ስለሚሸሽግ፣ ለዚህ ሥራ የተለየ መለኪያ አለ። ቀጥሎ የቤንዚኑን ግፊትና የኢንጄክተሮቹን ሁኔታ ያረጋግጣል። ኮምፒዩተሩ የሚያሳየው የእሳት ዲግሪ በእውነት በዘንጉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን በመብራት ያመሳክራል። ይህ ከተሳሳተ ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ቍጥር ሁሉ ሐሰት ይሆናልና።

ከዚህ በኋላ በማርሚታው ላይ የኦክስጅን መለኪያ አስገብቶ፣ መኪናዋን በዳይናሞሜትር ላይ ያቆማታል። ሲጀምር ቤንዚኑን አብዝቶ፣ እሳቱን አዘግይቶ ነው። በዝቅተኛ ግፊት አንድ ጊዜ ያስኬዳል፤ የተመዘገበውን ያነባል፤ ጥቂት ያርማል፤ እንደገና ያስኬዳል። ግፊቱን የሚጨምረው የታችኛው ደረጃ ከተስተካከለ በኋላ ብቻ ነው። ቀዝቃዛ አየር ክብደት ስላለው፣ በሞቃት ቀን የተስተካከለው በብርድ ሌሊት ቤንዚን እንዳያንሰው ይህንንም አስቦ ያዘጋጃል።

ከሁሉም በላይ በሌላ መኪና የተሠራውን ሠንጠረዥ እንዳለ ገልብጦ አይጭንም። ሁለት መኪናዎች በውጭ ሲታዩ መንትያ ቢመስሉም ኢንጄክተራቸው፣ ቱርቧቸው፣ የአየር መግቢያ ቀዳዳቸው ሊለያይ ይችላል። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ቍጥር ለሌላው መርዝ ነው።

ባለሙያውን የሚፈትነው ሌላው ነገር የደንበኛው ምኞት ነው። ደንበኛው ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ለጓደኞቹ የሚያሳየው በወረቀት ላይ የታተመ ትልቅ የፈረስ ጉልበት ነው። እሳቱን ሁለት ሦስት ዲግሪ በማስቀደም ይህን ቍጥር በዚያው ቀን ማስደሰቻ አድርጎ መስጠት ይቻላል፤ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከወራት በኋላ በአውራ ጎዳና ላይ ነው። እውነተኛ ባለሙያ ከሚቻለው በታች ቆሞ፣ ለምን እዚያ እንደ ቆመ ለባለቤቱ ያስረዳል።

ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። በአሜሪካ በ1970 የወጣው የንጹሕ አየር ሕግና ማሻሻያዎቹ የመኪናን የጭስ መቈጣጠሪያ መሣሪያዎች ማሰናከልን ይከለክላሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች በዚያ አገር የሚሸጡት ለውድድር ሜዳ ብቻ ተብለው ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ ለመንገድ የሚሸጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ከአየር ጥበቃው መሥሪያ ቤት የነጻነት ቍጥር ማግኘት አለበት።

የቀሩት ሞተሮች

አር ኤክስ 8 የተባለችው የመጨረሻዋ ባለ ዟሪ ሞተር የስፖርት መኪና በ2012 ምርቷ አበቃ። ማዝዳ በ2023 ባለ አንድ ሮተር ሞተር እንደገና ለገበያ አቅርቧል፤ ሆኖም ይህ ሞተር የሚሠራው ለኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ኃይል በማመንጨት እንጂ ጎማ በማዞር አይደለም። ስለዚህ በየጋራዡ ያሉት አሮጌ 13ቢ ሞተሮች አንዱ በተሰበረ ቍጥር፣ በ47 መሐንዲሶች ድካም የተገኘው ሥራ በአንድ ይቀንሳል።

እንግዲህ ለተማሪዎችና በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ ለጀመሩ ወጣቶች የምንለው ይህ ነው። ሥልጣን የሚሰጥ መሣሪያ በእጅ ሲገባ ወዲያው ለመጠቀም መቸኰል የወጣትነት ጠባይ ነው። ነገር ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደሚባለው፣ ሠንጠረዡ ውስጥ ካሉት 400 ቤቶች አንዱን እንኳ ከመለወጥ በፊት ያ ቍጥር ምን እንደሚያዝ፣ ማንን እንደሚጠቅም፣ ቢሳሳትስ ማን እንደሚከፍል ማወቅ ይገባል። ለውጡን አንድ በአንድ ያደረገ፣ ያደረገውንም የመዘገበ ሰው ቢሳሳት እንኳ የት እንደ ተሳሳተ ያገኘዋል፤ አሥሩን ባንድ ጊዜ የለወጠ ግን ቢሳካለትም ለምን እንደ ተሳካለት አያውቅም።