ጋማ ናይፍ፦ የአንድ ማሽን ሦስት ዋጋ

ጋማ ናይፍ ስሙ «የጋማ ቢላዋ» ይሁን እንጂ ስለት የለውም፤ የአንጎል ሕመምን በጨረር የሚያክም ማሽን ነው። ታካሚው ጠዋት ግንባሩ ላይ ሁለት ቦታ፣ ከኋላ ሁለት ቦታ ማደንዘዣ ይወጋና ቀለል ያለ የብረት ቀለበት በአራት ብሎን ከራስ ቅሉ ጋር ይታሰርለታል። ቀለበቱ እንደታሰረ ኤምአርአይ ይነሳል፤ የአንጎል ቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረር ሐኪሙና የፊዚክስ ባለሙያው ምስሉን ዘርግተው ጨረሩ የትኛው ነጥብ ላይ፣ ለስንት ደቂቃ እንደሚያርፍ ያሰላሉ። ከዚያ ታካሚው አልጋው ላይ እንደተጋደመ ወደ ማሽኑ ይገባል። በአዳዲሶቹ ማሽኖች ውስጥ ኮባልት 60 የያዙ 192 የጨረር ምንጮች አሉ። እያንዳንዱ ጨረር ለብቻው ደካማ ስለሆነ የሚያልፍበትን የአንጎል ክፍል ብዙም አይነካውም፤ ሁሉም በሚገናኙበት ነጥብ ላይ ግን ዕጢን ያመክናል፣ የተወሳሰበ የደም ሥርን ቀስ በቀስ ይደፍናል። ሐሳቡ የስዊድናዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም የላርስ ሌክሴል ነው፤ በ1951 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ በ1960ዎቹ መጨረሻ ስቶክሆልም ላይ ማሽን ሆኖ ሥራ ጀመረ፣ በ1987 ደግሞ አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ገባ። የራስ ቅል ሳይከፈት የሚታከም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ቤቱ ይገባል። የሚያስደነግጠው በኋላ በፖስታ የሚመጣው ቢል ነው።

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ቀን፣ በዚሁ ማሽን ሦስት ሰዎች ታከሙ እንበል። አንደኛዋ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአዛውንቶች ኢንሹራንስ ያላቸው የ70 ዓመት እናት ናቸው። ሜዲኬር ለጨረሩ ሥራ ለሆስፒታሉ የሚከፍለውን ራሱ ይተምናል፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከ7,000 እስከ 8,000 ዶላር ባለው መካከል ነው። የዕቅዱ፣ የኤምአርአዩና የሐኪሞቹ ክፍያ ለየብቻው ይታሰባል። እሳቸው ዲዳክቲብሉን፣ ማለትም ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት በየዓመቱ ከኪሳቸው የሚከፍሉትን (በ2025 257 ዶላር ነበር)፣ ካሟሉ በኋላ ድርሻቸው 20 በመቶ ነው፤ ተጨማሪ ኢንሹራንስ ካላቸው እሱም ይቀልላቸዋል። ሁለተኛው በመሥሪያ ቤቱ በኩል የግል ኢንሹራንስ አለው። ኩባንያው ከሆስፒታሉ ጋር የተዋዋለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ከሜዲኬሩ ይበልጣል፤ ሰውየው ግን በዓመት ከኪሱ የሚያወጣው ጣሪያ አለው። ሆስፒታሉ በኢንሹራንሱ ኔትወርክ ውስጥ እስካለ ድረስ ጣሪያው በ2025 ለአንድ ሰው ከ9,200 ዶላር አያልፍም ነበር። ሦስተኛው ምንም ኢንሹራንስ የለውም። ለእሱ ቢሉ የሚወጣው ሆስፒታሉ ራሱ ካወጣው የዋጋ ዝርዝር ነው፤ ብዙ አሥር ሺህ ዶላር ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የምረዳው ኢንሹራንስ ከፋይ ብቻ ሳይሆን ተደራዳሪም መሆኑን ነው። ብቻውን የቆመ ሰው የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ዋጋ የሚያስቀንስለትን ክንድም ነው። ማሽኑ እኮ ውድ ነው፣ ኮባልቱም በየአምስት ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ በየጊዜው መቀየር አለበት የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ኮባልቱ ሲያረጅ ታካሚው ማሽኑ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜም ይረዝማል። ግን ይህ ወጪ ለሦስቱም ታካሚዎች አንድ ነው፤ የሦስቱን ዋጋ ልዩነት ሊያስረዳ አይችልም። የሚያስረዳው በ2013 የሆነው ነው። ሜዲኬር ቀደም ሲል ለጋማ ናይፍ የሚከፍለው ሊኒያር አክስለሬተር በሚባለው ሌላ የጨረር ማሽን ለሚሰጠው ተመሳሳይ ሕክምና ከሚከፍለው ይበልጥ ነበር። ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው፣ የጋማ ናይፍም ክፍያ በአንድ ጊዜ ወረደ። ምክንያቱ የኮባልት ዋጋ አልነበረም፤ የተለወጠው የከፋዩ ውሳኔ ነው።

ሌላው ክርክር ደግሞ የዝርዝሩን ዋጋ ሙሉ በሙሉ የሚከፍል የለም የሚለው ነው። ብዙዎች በካሽ ለሚከፍል የሚሰጠውን ቅናሽ እንደሚያገኙ አልክድም። ነገር ግን ቅናሹ የሚቆጠረው ከዚያው ከተጋነነው ቁጥር ነው፤ ግማሹ ቢነሳለት እንኳ የቀረው ከሜዲኬሩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። መጠየቅ ያላወቀ ወይም ቋንቋው ያስቸገረው ሰው ዕዳ ደግሞ ሳይቀነስ ወደ ዕዳ ሰብሳቢ ይሄዳል። ከ2021 ጀምሮ ሆስፒታሎች ዋጋቸውን በይፋ እንዲያወጡ መገደዳቸው ጥሩ እርምጃ ነው። ሆኖም ቀለበቱ፣ ዕቅዱ፣ ምስሉና ጨረሩ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ኮድ ስለሚቀመጡ፣ የቀጠሮው ቀን የተቃረበበት ታካሚ ደምሮ አጠቃላዩን ሊያውቅ ይቸገራል።

ኢንሹራንስ ያለውም ቢሆን ሁሉ ነገር አልቀለለትም። አብዛኛው ኩባንያ ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሳይመጣ የታከመ ሰው ጉድ ይፈላበታል። ከጨረሩ በኋላ ደግሞ ዕጢው መምከኑን ለማየት ለዓመታት ኤምአርአይ መነሳት አለ። የብዙዎች ዲዳክቲብል በጥር መጀመሪያ እንደ አዲስ ስለሚቆጠር፣ በኅዳር ታክሞ በየካቲት ምስል የሚነሳ ሰው ለአንዱ ሕመም ሁለት ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል።

የኛን ቤተሰቦች በቀጥታ የሚነካው ልጆቻቸው አሜሪካ ያስመጧቸው አዛውንት ወላጆች ጉዳይ ነው። ዕድሜያቸው 65 ቢያልፍም፣ ግሪን ካርድ ቢኖራቸውም፣ እዚያ የሠሩበት ዘመን ከሌላቸው ሜዲኬር ለመግዛት አምስት ዓመት ሳያቋርጡ መኖር አለባቸው። እስከዚያው ድረስ በመንግሥት የኢንሹራንስ ገበያ በኩል መግዛት ይችላሉ፤ ብዙዎች ግን ይህን ሳያውቁ ባዶ እጃቸውን ሆስፒታል ይደርሳሉ። ለእነሱ ሕጉ የሰጠው መያዣ አለ። ኢንሹራንስ የሌለው ታካሚ ቀጠሮ ሲይዝ ሆስፒታሉ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል፤ ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ ክርክር ማንሳት ይቻላል። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ ደግሞ የገንዘብ እርዳታ ደንብ ሊኖረው ግዴታ ነው፤ በደንቡ የተፈቀደለትን ሰው ኢንሹራንስ ያላቸው በአብዛኛው ከሚከፈልላቸው በላይ ሊያስከፍለው አይችልም። ማመልከቻውንም ከመጀመሪያው ቢል በኋላ እስከ 240 ቀን ድረስ መቀበል አለበት።