በሰቃ ሐይቅ

በሰቃ ሐይቅ በኦሮሚያ ክልል፣ በምሥራቅ ሸዋ ዞን፣ በፈንታሌ ወረዳ የሚገኝ የስምጥ ሸለቆ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከፈንታሌ እሳተ ገሞራ ተራራ በስተደቡብ፣ በመተሃራ ከተማ አጠገብ ይገኛል። መተሃራ ሐይቅ እየተባለም ይጠራል። እንደ አብያታ ያሉ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች እየጎደሉ ባሉበት ዘመን በሰቃ በተቃራኒው እየሰፋ ሄዷል። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፋቱ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነበር፤ በ2000ዎቹ ግን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር አልፏል።

የውኃው ምንጭ

በሰቃ በተፈጥሮው መውጫ ወንዝ የሌለው ዝግ ሐይቅ ነው። በእንዲህ ዓይነት ሐይቅ ውኃ የሚቀንሰው በዋናነት በትነት ነው፤ የሚገባው ከሚተነው ከበለጠ ሐይቁ ይሰፋል፣ ካነሰ ይጎድላል። መተሃራ ቆላ ነው። በዓመት የሚዘንበው 500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሲሆን፣ ከሐይቁ የሚተነው ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በላዩ በሚወርደው ዝናብ ብቻ ቢሆን ኖሮ በሰቃ ሊሰፋ ቀርቶ ባለበት ሊቆይም አይችልም ነበር። ስለዚህ ተመራማሪዎች ትልቁን ድርሻ የሚሰጡት ለከርሰ ምድር ውኃ ነው። በደቡብ ምዕራብ ዳርቻው ፍል ውኃዎች ይፈልቃሉ።

የከርሰ ምድር ውኃው ለምን ጨመረ የሚለው ግን ያከራክራል። አንዱ ማብራሪያ መስኖ ነው። ከአዋሽ ወንዝ ተጠልፎ ወደ አባዲርና መተሃራ እርሻዎች የሚገባውን ውኃ ሁሉ ተክሉ አይመጠውም፤ የተረፈው ወደ ታች ሰርጎ ወደ ረባዳው ይሄዳል። የሐይቁ መስፋፋት የጎላው ሰፋፊ የመስኖ እርሻዎች ከተጀመሩ በኋላ መሆኑ ይህን ያጠናክራል። ሌላው ማብራሪያ የመሬት ቅርፊት እንቅስቃሴ ነው፤ ስንጥቆች ሲከፈቱ ወይም ሲዘጉ የከርሰ ምድር ውኃ መንገዱን ይቀይራል። አካባቢው ዛሬም አልረጋም፤ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በፈንታሌ ዙሪያ የደረሰው ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ሁለቱ ማብራሪያዎች እርስ በርሳቸው አይፃረሩም።

ያስከተለው ችግር

የሐይቁ ውኃ ጨዋማና ሶዲየም የበዛበት ነው፤ ለመጠጥም ለመስኖም አይሆንም። ባለፉት አሠርት ዓመታት በሚገባው ውኃ ምክንያት ጨዋማነቱ በብዙ ቀንሷል። ይህ ግን ለአካባቢው ብዙም እፎይታ አልሰጠም፣ ሐይቁ ሲሰፋ ጨዉም አብሮት ወደ አዲስ መሬት ይደርሳልና። ሶዲየም የሸክላ አፈርን ቅንጣቶች ይበታትናል፤ አፈሩ ሲደርቅ ይጠጥራል፣ ውኃም በቀላሉ አያስገባም። የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ተውጧል፤ በሐይቁ ዳር የሚያልፉት ወደ ጅቡቲ የሚወስዱት የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድም ለመጥለቅለቅ ተጋልጠዋል።

ከፍታውን ለመግታት ከሐይቁ የተወሰነ ውኃ ወደ አዋሽ እንዲፈስ ቦይ ተሠርቷል። መጠኑ ከወንዙ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከበዛ ታች ያሉ ገበሬዎችና ከተሞች የሚጠቀሙበት ውኃ ይበላሻል። በተለይ በበጋ፣ አዋሽ ሲቀንስ፣ ያው መጠን ይበልጥ ይከብደዋል። አዋሽ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ ወንዝ በመሆኑ፣ ከበሰቃ የወጣው ጨው ከተፋሰሱ አይወጣም።