ቂሌ፦ በወለጋ መስክ የኖረው ያልተጻፈ ሕግ

በነቀምቴ ከተማ የሚገኘው የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት የሌቃ ገዥዎችን ታሪክ ያስታውሳል። የእረኞችና የገበሬዎች ታሪክ ግን በአመዛኙ ሐውልት የለውም፤ ከቀሩት ምስክሮች አንዱ ጨዋታ ነው። በአማርኛ ገና የሚባለውን ጨዋታ ኦሮሞዎች ቂሌ ይሉታል።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። ሁለት ወገኖች ጫፉ በተቆለመመ በትር ከእንጨት ወይም ከጠፍር የተሠራ ሩር እየመቱ ወደ ተቃራኒው ወገን ድንበር ያሳልፋሉ። ጨዋታው የሚደምቀው ታኅሣሥ 29 ቀን በሚከበረው የልደት በዓል ሰሞን ሲሆን፣ ወቅቱም አዝመራ ተሰብስቦ መስኩ ክፍት የሚሆንበት ነው። በጥንቱ ልማድ የተጫዋች ቍጥር አይወሰንም፤ መንደር ከመንደር ይገጥማል።

የቂሌን ማኅበራዊ ትርጕም የሚገልጠው ግን ሌላ ነገር ነው። በገና ጨዋታ ጌታ እንደማይቆጣ የሚናገረው የታወቀ ብሂል እንደሚያመለክተው፣ በዚያ ቀን ሎሌ ከጌታው እኩል ይሰለፋል፤ ቢቀድመውም ቢቀልድበትም እንደ ድፍረት አይቆጠርበትም። በሌላው ጊዜ ጸንቶ የሚኖረው የማዕረግ ልዩነት ለጥቂት ሰዓታት ይላላል።

ተመሳሳይ ልማድ በሩቅ አገርም ይገኛል። በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በኮርንዎል፣ ሴንት ኮለምብ በተባለችው ከተማ፣ ከዐቢይ ጾማቸው ዋዜማ በሚውለው ማክሰኞ የከተማው ነዋሪዎችና የገጠሩ ሰዎች በብር የተለበጠች ኳስ ለማግኘት ይታገላሉ። በዚያም ሜዳው አጥር የለውም፤ የሚወዳደሩትም የተመረጡ ስፖርተኞች ሳይሆኑ ሁለት ማኅበረሰቦች ናቸው።

በአሁኑ ዘመን የገና ጨዋታ በኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ሥር የተጻፈ ደንብ፣ ዳኛና የተወሰነ የተጫዋች ቍጥር አግኝቷል። ይህ ጨዋታውን ከመረሳት ይታደገዋል፤ ጉዳትንም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ደንቡ የሚጠብቀው በትሩን፣ ሩሩንና ሜዳውን ነው። ጌታና ሎሌን በአንድ መስክ ያሰለፈው ልማድ በአንቀጽ አይጻፍም። ስለዚህ ከአኖ እስከ ነቀምቴ ባሉ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ቂሌን የተጫወቱ ሽማግሌዎች ትዝታ በጊዜው ሊመዘገብ ይገባል፤ የጨዋታው ግማሽ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።